እማዬን «ፈርሚ» ያልኳት ወረቀት

እማዬ ቡና ስትቀዳ ጀበናውን በግራ እጇ ነው የምትይዘው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ግራ እጇ ገና ስላልለመደ ትንሽ ትንሽ ረከቦቱ ላይ ይፈስባታል፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን አወዳደቋ አይደለም። ከመውደቋ በፊት አውቶቡስ ውስጥ የሆነው ነገር ነው። ቢበዛ አንድ ደቂቃ የፈጀ ነገር።

ባለፈው ነሐሴ ነው። የአሜሪካ ዜግነቷን ባገኘች በዓመቱ እኔና ወንድሜ ተዋጥተን ክሩዝ ወሰድናት። ከማያሚ ተነስቶ ካሪቢያንን የሚዞር፣ የሰባት ቀን የመርከብ ጉዞ። እማዬ በ68 ዓመቷ ባሕር ያየችው አንድ ጊዜ ነው፤ ልጅ ሆና፣ ምፅዋ። ማያሚ ወደብ ላይ ቀና ብላ አየችና «ይሄ ነው መርከብ? ይሄማ ኮንዶሚኒየም ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሊፍት አለው፣ በረንዳ አለው፣ ጎረቤት አለው። መርከቡ ላይ ምንም አልሆነችም። የሆነችው ከመርከቡ የወረድን ቀን ነው።

የማን ሰዓት?

መርከቡ በየወደቡ ሲቆም የሚሸጡት ሽርሽር አለ። አውቶቡስ ይመጣል፣ ይወስዳችኋል፣ ያሳያችኋል፣ ይመልሳችኋል። ለጃማይካው ቀን ፏፏቴ የመውጣት ሽርሽር ገዛን። እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ድንጋይ ለድንጋይ፣ ውኃው ውስጥ ከታች ወደ ላይ። ወደቡ በር ላይ የቆሙት ባለታክሲዎች እዚያው ቦታ በግማሽ ዋጋ እንውሰዳችሁ ይላሉ። ወንድሜ ልቡ ወደዚያ ሄዶ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ምክንያት ነበረኝ። ከመርከቡ የገዛችሁት ሽርሽር ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃችኋል፤ በራሳችሁ ወጥታችሁ ብትዘገዩ ግን ትቷችሁ ይሄዳል። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳኦ ቶሜ በምትባል የአፍሪካ ደሴት ላይ በግላቸው ለጉብኝት የወጡ 8 ተሳፋሪዎች ዘግይተው ደረሱ። መርከቡ ገና እዚያው ነበር። የደሴቲቱ ባሕር ጠባቂዎች በጀልባ አጠገቡ ድረስ ወሰዷቸው፣ መርከቡ ግን አላሳፈራቸውም። ከዚያ በኋላ አገር ለአገር እየዞሩ ሲያሳድዱት ሰነበቱ፤ ሴኔጋል ድረስ የተከተሉት አሉ።

እኛ ደግሞ በሰዓት ነገር የምንታማ ቤተሰብ ነን። ሽርሽሩ የሚነሳው በመርከቡ ሰዓት 9:00 ላይ ነው። ጃማይካ እንደ አሜሪካ ሰዓቷን ስለማትቀያይር የከተማው ሰዓት 8:00 ይላል። እማዬ ደግሞ ሜሪላንድ ከገባች ጀምሮ የእጅ ሰዓቷን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምታስረው፤ የሷ 3:00 ይላል። ሦስታችን ሦስት ሰዓት ይዘን ወደብ ላይ ስንጨቃጨቅ የሰማን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ እየሳቀ ሄደ።

ሁለተኛው ምክንያቴ ግን ሰዓት አልነበረም። እምነት ነው። የመርከቡ ስም ያለበት ነገር የመርከቡ ነው ብዬ አሰብኩ። ቲኬቱ ላይ የመርከቡ ዓርማ አለ። ገንዘቡ የተቆረጠው ከመርከቡ ሂሳብ ነው። ጠዋት ቲያትር አዳራሹ ውስጥ ሰብስበው ደረታችን ላይ ስቲከር የለጠፉልን የመርከቡ ሠራተኞች ናቸው። የኛ ቁጥር 14 ነበር። እማዬ ስቲከሯን በመዳፏ ደጋግማ ጫን ጫን አደረገችው፣ እንዳይወድቅባት።

በክር የታሰረው እስክሪብቶ

አስጎብኚያችን ረዥም፣ ቀጭን፣ ድሬዱን ከላይ ሰብስቦ ያሰረ ልጅ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ እየዞረ ከየት መጣችሁ ይላል። ኦሃዮ፣ ቴክሳስ፣ ካናዳ። እኛ ጋ ሲደርስ እማዬ ራሷ «ኢትዮጵያ!» አለችው። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። «ኤምፕረስ» አላት። ምን አለኝ ስትለኝ «እቴጌ ነው ያለሽ» አልኳት። ጃንሆይ ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ በቃሉ ነገራት። በኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው፤ እማዬ ያኔ ተማሪ ነበረች። ራስታዎች ዛሬም ያከብሩታል። «የኛ ልጆች እንኳ የማያውቁትን» አለች፣ ወደ እኔ እያየች። ከዚያ በኋላ የነበረውን መንገድ ሁሉ ፊቷ በርቶ ነው የሄደችው።

ወረቀቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

መቆንጠጫ ያለው ሰሌዳ ከመቀመጫ ወደ መቀመጫ እየተቀባበሉ ወደ ኋላ ይልኩታል። እስክሪብቶው በሰማያዊ ክር ታስሯል። ቀለሙ ሊያልቅ ስለደረሰ ጠርዙ ላይ ሰው ሁሉ ጫር ጫር አድርጎበታል። ፊደሉ የጤፍ ቅንጣት ያክላል። ታች ላይ የስምና የፊርማ መስመር አለ፤ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ፈርመው ለማስተላለፍ አሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀባቸውም። እማዬ ግን ቦርሳዋን ከፈተች። መነጽሯን ፈለገች። አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ አደረገች። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ሰሌዳውን እየጠበቁ ነው። አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

«ምንድን ነው የምፈርመው ልጄ?»

«ምንም አይደል እማዬ። ሁሉም የሚፈርመው ነው። ፈርሚ።»

ፈረመች። በአማርኛ፣ በዚያ በሚያምር ፊርማዋ።

እማዬ ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ ዓመት የሠራችው መዝገብ ቤት ነው። ሳያነቡ የፈረሙ ሰዎችን ወረቀት ስትመልስ የኖረች ሴት ናት። ልጅ ሆነን የትምህርት ቤት ካርዳችንን እንኳ ፊት ለፊታችን ከላይ እስከ ታች ሳታነብ አትፈርምም ነበር። እዚህ አገር መጥታ ግን ዓይኗ እኔ ሆንኩ። የሐኪም ቤቱን ቅጽ፣ የባንኩን ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱን ማዘዣ የማነብላት እኔ ነኝ። ወላጆቻችሁን እዚህ ያመጣችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ «ምንም አይደል» ካልን ምንም አይደል ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ቸኩዬ ያፈሰስኩት ግን የራሴን አይደለም።

ስለ አወዳደቋ ብዙ አልጽፍም። ሰንሰለት ሠርተን እየወጣን ነው፣ አስጎብኚው ከፊት እጇን ይዟታል፣ የተሳፋሪው ሁሉ ስልክና ካሜራ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላ አንድ ከባድ ሰውዬ አዳለጠውና ሰንሰለቱን ሳበው። እማዬ በቀኝ እጇ ተደግፋ ወደቀች። ድምፁን ሰማሁት። ልጁ ካሜራውን ሁሉ ውኃ ውስጥ እያስነካ አዝሏት ወረደ። ሲያወርዳት እያለቀሰ ነበር፤ እሷ ናት «አይዞህ፣ አይዞህ» የምትለው፣ በአማርኛ።

«የኛ አይደለም»

መርከቡ ላይ ያለው ክሊኒክ ራጅ አነሳት፣ አንጓዋ ላይ ተሰብሯል ተባለ፣ በስፕሊንት አሰሩላት። ሂሳቡ ሽርሽሩን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዚያው ከካቢናችን ሂሳብ ላይ ቆረጡት። አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፦ መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ከራቀ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ እዚያ ላይ ያገኛችሁትን ሕክምና አይከፍልም። የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ። እኔ ቲኬቱን ስገዛ ድረ ገጹ ሲጠይቀኝ «አልፈልግም» የሚለውን ነው የተጫንኩት።

ከዚያ ሽርሽሩን የሸጡልን ጠረጴዛ ጋ ሄድኩ። ልጅቷ ትሁት ናት። አዘነች፣ እውነተኛ ሐዘን ነው የመሰለኝ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና የቲኬታችንን ውል አሳየችኝ። የሽርሽሩ አቅራቢ «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» ነው ይላል። የመርከቡ ሠራተኛ አይደለም፣ ወኪልም አይደለም፣ መርከቡ ለሱ ድርጊት አይጠየቅም። መርከቡ ሽርሽሩን የሚሸጠው ለተሳፋሪው ምቾት ሲል ብቻ ነው። ቃሉ እንዲህ ነው፣ ለምቾት።

ስቲከሩ ገና ደረቴ ላይ ነበር። ቁጥር 14፣ ከነዓርማው።

አገራችን ብሆን የምከራከርበትን ነገር አውቀው ነበር። መኪና ሰው ከገጨ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባለቤቱ ማነው?» ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ባለ መኪናውን በራሱ ጥፋት ባይሆን እንኳ ይጠይቀዋል። መርከብ ላይ ግን ባለቤቱ ከነዓርማው ፊት ለፊት ቆሞ «የኔ አይደለም» ይላል።

ቤት ከተመለስን በኋላ አንድ የማያሚ ጠበቃ ጋ ደወልኩ። ለምን ማያሚ? ከትላልቆቹ የክሩዝ ድርጅቶች ብዙዎቹ የሚከሰሱት እዚያ ብቻ ነው፣ ቲኬቱ ላይ ተጽፏል። ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው ወይ ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጨርሶታል። የዋሽንግተን ስቴት ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ የመርከቡን ወጥ ቤት ሲጎበኙ ወደቀች። በአገራቸው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 ሆኖ «ቲኬቱ ፍሎሪዳ ይላል፣ ፍሎሪዳ» አላቸው። ጊዜውም እንደ ሌላው ጉዳት ረዥም አይደለም። አብዛኛው ቲኬት በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁ፣ በ1 ዓመት ውስጥ ክሰሱ ይላል፤ የፌዴራሉ ሕግም እስከዚያ ድረስ ማሳጠር ይፈቅድላቸዋል። ብዙ ሰው ሕክምናውን ሳይጨርስ ቀኑ ያልፍበታል።

ጠበቃው እማዬ አውቶቡስ ውስጥ ስለፈረመቻት፣ ጉዳት ቢደርስ አልከስም ስለምትለው ወረቀት የነገረኝ ነገር አስገረመኝ። ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ መርከብ በራሱ ቸልተኝነት ለሚደርስ ጉዳት አልጠየቅም ብሎ ማስፈረም አይችልም፣ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መርከብ ላይ ለሰው ሠራሽ ማዕበል መጫወቻ የተፈረመን ወረቀት በዚሁ ምክንያት ዋጋ አሳጥቶታል። የጃማይካው አቅራቢ ግን መርከብ አይደለም። ለሱ ወረቀቷ ልትጠቅመው ትችላለች። «ዋናው ውል ግን እሱ አይደለም» አለኝ። «ቲኬቱ ነው። ኦንላይን ስትገዙ ‹እስማማለሁ› የሚለውን የተጫነው ማነው?»

እኔ ነኛ። ማታ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ለሦስታችንም። አውቶቡሱ ውስጥ ቢያንስ ጠይቃኛለች። ያኔ ግን እዚያው አጠገቤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ጭራሽ አልነገርኳትም።

መርከቡ አውቋል ወይ?

የጠበቃው ሁለተኛ ጥያቄ «እዚያ ቦታ ከዚህ በፊት ሰው ወድቆ መርከቡ አውቋል ወይ?» የሚል ነበር። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሴንት ቶማስ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ላይ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ከባሕር ዳር ስትመለስ በወሮበሎች ተኩስ መሐል ተገደለች። ሽርሽሩን ከመርከቡ አልገዙም። ቤተሰቡ እንዳለው ግን ወደዚያ ባሕር ዳርቻ ሂዱ ያላቸው የመርከቡ ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ። በ2012 ግን የአትላንታው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። መርከቡ ተሳፋሪው ይሄድበታል ተብሎ በሚጠበቅ ቦታ ያለውን፣ የሚያውቀውን ወይም ማወቅ የሚገባውን አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ግዴታው የመርከቡ መውረጃ መሰላል ጋ አያበቃም ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ግዴታው መንገር ነው። አስጎብኚው ላጠፋው መክፈል ሌላ ነገር ነው።

ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ኒውዚላንዱ እሳተ ገሞራ ያነበብኩ ሌሊት አልተኛሁም። ዋካሪ የሚባለው ደሴት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ሲፈነዳ 47 ሰዎች ላዩ ላይ ነበሩ፤ 22ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ከአንድ ክሩዝ መርከብ በሽርሽር የወጡ ናቸው። የማስጠንቀቂያው ደረጃ ከፍ ካለ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥ ለአካል ጉዳት ካሳ በአብዛኛው መክሰስ አይቻልም፣ መንግሥት ራሱ ባቋቋመው ፈንድ ያክማል፤ ስለዚህ ተጎጂዎች መርከቡን ሊከሱ ፍሎሪዳ ድረስ መጡ። የደሴቲቱ ባለቤቶች ድርጅት በ2023 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረው። ድርጅቱ የመግቢያ ፈቃድ ሰጠ እንጂ ጉብኝቱን አልመራም በሚል። ሕጉን እየተቸሁ አይደለም፣ ዳኛም አይደለሁም። ግን መርከቡ ሸጥኩ እንጂ አልመራሁም ይላል፣ ባለ መሬቱ አከራየሁ እንጂ አልመራሁም ይላል፣ በመጨረሻ የሚቀረው እጅ ይዞ የመራው ሰው ነው።

አንድ ተስፋ የሰጠኝ ነገር አለ። የመርከብ ሐኪሞችም ድሮ «ራሳቸውን የቻሉ ተቋራጮች» ነበሩ። ሐኪሙ ቢያጠፋ መርከቡ አይጠየቅም የሚለው ሐሳብ ፍርድ ቤቶችን ለረዥም ዘመን ይዟቸው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ያው የአትላንታ ፍርድ ቤት ይህንን አልቀበልም አለ። የመርከቡን ዩኒፎርም ለብሶ፣ በመርከቡ ክሊኒክ ውስጥ፣ ሂሳቡን በመርከቡ ካርድ እያስቆረጠ ለሚሠራ ሰው መርከቡ ሊጠየቅ ይችላል። እንግዲህ ደረቴ ላይ ስለተለጠፈው ስቲከርስ? ጠበቃውን ይህንኑ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ጥሩ ክርክር ነው» አለኝ፣ «ብዙ ሰው ተከራክሮበት ተሸንፏል፤ ቲኬቱ ተቋራጭ ነው ብሎ አስቀድሞ ነግሮሻላ።» አውሮፓ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እነሱ ጋ ሆቴሉና ሽርሽሩ በአንድ ጥቅል ከተሸጠ የሸጠው ድርጅት ራሱ ተጠያቂ እንደሆነ እየነገረ አናደደኝ። እውነቱን ነው፣ ሕግ አላቸው።

ልጁን አትንኪብኝ

ጠበቃው የሰጠኝ ምክር ቀላል ነው። አቅራቢውንም አስጎብኚውንም ክሰሱ። እጇን የያዘው እሱ ነው፣ ስለሚያዳልጠው ድንጋይ ያልነገራትም እሱ ነው፣ ሰንሰለቱን ያሰለፈውም እሱ ነው። ስሙን ጻፊልኝ አለኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። የታመመ እጇን በሌላው እያሻሸች ሰማችኝ። «ማንን? ያንን ያዘለኝን ልጅ?» አለችኝ። እሱ ሳይሆን ኢንሹራንሳቸው ነው የሚከፍለው፣ መርከቡ ያለ ኢንሹራንስ አያሠራቸውም፣ ብዬ አስረዳኋት። አልሰማችኝም። «ገንዘቡን የበላው ባለ ኮንዶሚኒየሙ፣ የምትከሽው ባለ ቲፑን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!»

መልስ አልነበረኝም። ይኼው እስካሁንም የለኝም። ምክንያቱም ሕጉ በጨለማ የሚመራኝ በትክክል ወደዚያ ነው፤ ትልቁን መንካት ከባድ፣ ትንሹን መንካት ቀላል። ልጁ በእርግጥ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ሰውዬውን ከእማዬ ኋላ ማሰለፍ አልነበረበትም፣ ያንን አይቻለሁ። ግን ሃያ ሰው ለአንድ አስጎብኚ የሰጠው እሱ አይደለም። አንገቱ ላይ የሃያ ሰው ስልክ ይዞ በአንድ እጁ እንዲመራ ያደረገው እሱ አይደለም።

አሁን ጥር ነው። ስድስት ወሩ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ማታ የማሳወቂያውን ደብዳቤ ጽፌ ጨረስኩ። «ለጉዳቱ ተጠያቂ» በሚለው ቦታ የመርከቡን ድርጅት ስም ብቻ ጻፍኩ። የልጁን ስም አላስገባሁም። ጠበቃው ሞኝነት ነው ይለኛል፣ ምናልባት ነው።

ዛሬ ጠዋት እንድትፈርም ይዤላት መጣሁ። እስክሪብቶም ይዣለሁ። ተቀብላኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና መነጽሯን ልታመጣ ተነሳች።

«አይ እማዬ፣ ተቀመጪ» አልኳት። «ላንብብልሽ።»

ደብዳቤውን አነበብኩላት፣ ቀጥሎ ቲኬቱን። ቲኬቱ ረዥም ነው። እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በአማርኛ። ቡናው ቀዘቀዘ። ስለ ሻንጣ ያለውን፣ ስለ ውሻ ያለውን፣ ሁሉንም። ስለ ሽርሽር የሚለው አንቀጽ ላይ ስደርስ በግራ እጇ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ቆይ» አለችኝ። «ይቺን ድገሚያት።»